ከስልሳ ሦስተኛው ጥያቄ ወዲያ

"ጊዜው አልቋል እማዬ፤ እርሳሱን አስቀምጪ።"

ልጄ ስልኳ ከመጮኹ ጥቂት ሰከንዶች አስቀድማ እንዲህ ትላለች። ጩኸቱ እንደሚያስደነግጠኝ ታውቃለች። እኔ ግን እርሳሱን አላስቀመጥኩም። ስልሳ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበርኩ፤ ጥያቄው ደግሞ አናዶኛል። ሰባት ምስክሮች ከሰኞ እስከ እሑድ በየቀኑ አንድ አንድ እየሆኑ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ሐኪሙ ከአናጺው ይቀድማል፤ መምህርቷ ረቡዕ አትመጣም፤ ሾፌሩ ከነጋዴዋ በሁለት ቀን ይዘገያል፤ እያለ ይቀጥላል።

"እሑድ ምስክር የሚሰማ ፍርድ ቤት የት አለ?" አልኩ።

"እማዬ፣ እሱን ማን ጠየቀሽ?"

"ጥያቄው ስህተት ነው።"

"ስህተት ከሆነ ዝለዪውና እለፊያ!"

"እንዴት ነው የምዘለው? ጀምሬዋለሁ እኮ።"

ልጄ ወረቀቱን ከእጄ ስር ጎትታ ወሰደችው። የመልሱን ዝርዝር አጠገቧ ዘርግታ በቀይ እስክሪብቶ ማረም ጀመረች። ስታርም ከንፈሯን ትነክሳለች። ያን ጊዜ ፊቷን አላይም፤ መስኮቱን ነው የማየው። ቅዳሜ ከሰዓት ስለነበር ጎረቤቶቻችን ምንጣፍ እያራገፉ ነበር።

"ስልሳ ሁለት መልሰሽ ሃምሳ አምስት አግኝተሻል። አሥራ ሰባቱን ጭራሽ አላየሻቸውም።" እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። "ከነካሽው አብዛኛውን ታገኚዋለሽ። ችግሩ አትነኪውም።"

"ዛሬ ደክሞኝ ነው።"

"ባለፈው ቅዳሜም ደክሞሽ ነበር። ያለፈው ዓመት ፈተና ላይም ደክሞሽ ነበር። ቢያንስ መጨረሻ ላይ የቀሩትን በሙሉ 'ለ' ብለሽ ሙዪያቸው፤ አራት አምስቱ ይገኛሉ።"

"ያልመረመርኩትን አልፈርምም።"

"ፈርሚ ማን አለሽ? አጥቁሪ ነው ያልኩሽ!"

ሁለተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ናት። ለእሷ ነገር ሁሉ መፍትሔ አለው፤ መፍትሔ የሌለው እናቷ ብቻ ናት።

የሕግ ትምህርት ቤቱ የማታ ክፍል መግቢያ ፈተና ሰማንያ ጥያቄዎች አሉት። የሚሰጠው ሁለት ሰዓት ነው፤ ማለፊያው ስልሳ። ባለፈው ዓመት ስቀመጥ አሥራ ስድስት ጥያቄዎች ባዶ ትቼ ሃምሳ ሰባት አመጣሁ። አንድ ሰው ከሁለት ጊዜ በላይ አይቀመጥም፤ ደንቡ ነው። ስለዚህ የቀረኝ አንድ ዕድል ነበር፤ ዕድሜዬም አርባ ሰባት። በታሪክ የመጀመሪያ ዲግሪ አለኝ። ዲግሪው የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ አስቀጥሮኛል፤ እዚያም አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ክርክር ገጽ ስቆጥር ኖሬአለሁ።

ሥራዬ ቀላል ይመስላል። መዝገብ ይመጣል፤ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አየዋለሁ፤ ገጾቹን እቆጥራለሁ፤ የጎደለ ካለ እጽፋለሁ፤ አስሬ ወደ መደርደሪያው እመልሰዋለሁ። በተቀጠርኩ በመጀመሪያው ወር አንድ መዝገብ ከፍቼ ስልክ ላነሳ ተነሣሁ። ስመለስ ገጽ አሥራ አራት የለም። ወረቀቱ ከመደርደሪያው ጀርባ ወድቆ ኖሮ ከስምንት ወር በኋላ ቀለም ቀቢዎች አገኙት። በእነዚያ ስምንት ወራት ባለጉዳዩ በየቀጠሮው እየመጣ በመስኮቱ ያየኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ክፉ አልተናገረኝም። ከዚያ ወዲህ የከፈትኩትን ሳልዘጋ ከወንበሬ አልነሳም፤ ሽንት ቤት እንኳ ቢሆን። የሥራ ባልደረቦቼ ይህን ያውቃሉ፤ በምሳ ሰዓትም አይጠብቁኝም።

ሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ገና በር ላይ ሳለሁ ጮኸብኝ። ማኅተሙን ከወገቡ ቁልፍ ጋር አስሮ ስለሚዞር ጋሽ ማኅተም እንለዋለን፤ እሱም ስሙን ወዶታል።

"የሕግ ባለሙያዋ! ቅዳሜ ስንት አገባሽ?"

"ሃምሳ አምስት።"

"ሃምሳ አምስት የጡረታ ዋዜማ ነው እንጂ ነጥብ ነው እንዴ!"

"ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ።"

"እኔስ አልስቅም፤ ፈርቼ ነው። አንቺ ካለፍሽ ይሄን ሁሉ ክምር ማን ይቆጥርልኛል?"

የዚያን ዕለት ከምሳ በፊት አንዲት እናት መስኮቴ ላይ ቆሙ። በእጃቸው አራት ቦታ የታጠፈ መጥሪያ ይዘዋል። መልሳቸውን እስከ ሐሙስ በጽሑፍ ማቅረብ ነበረባቸው።

"ልጄ፣ ምን ብዬ ላስጽፍ?"

መጥሪያውን አነበብኩት። ምን ማስጻፍ እንዳለባቸው አውቄአለሁ። ከሳሹ ክሱን ያመጣው ሕጉ የሚፈቅደው ጊዜ ካለፈ በኋላ ነበር፤ ሁለት መስመር ይበቃቸዋል። እንዲህ ያለ መዝገብ ቢያንስ አንድ መቶ ጊዜ በእጄ አልፏል። ከራሴ በላይ ግን በጥቁር ቀለም የተጻፈ ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ የሕግ ምክር አይሰጥም ይላል።

"እማማ፣ እኔ መምከር አይፈቀድልኝም። ጠበቃ ያነጋግሩ።"

"ጠበቃ ቢኖረኝ አንቺ ጋ ምን አመጣኝ?"

መጥሪያውን አጥፌ መለስኩላቸው። ሐሙስ ዕለት ሦስት ገጽ ሙሉ አስጽፈው መጡ። ስለ ጎረቤታቸው ክፋት፣ ስለ አጥሩ፣ ስለ ውሻው ተጽፏል፤ ስለ ጊዜው ግን አንድም ቃል የለም። ተቀብዬ ገጹን ቆጠርኩ። ሦስት ገጽ። ጋሽ ማኅተም አተመበት። ይህን ፈተና ለምን እንደምፈልገው የሚጠይቀኝ ሰው ካለ ያንን ማኅተም ይመልከት።

በቤት ያሉን የመለማመጃ ፈተናዎች ስድስት ነበሩ። ስድስቱንም፣ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች ጭምር ከመልሳቸው ጋር አይቼ፣ ጨርሼአለሁ። ልጄ ከጓደኞቿ ፈልጋ አጣች፤ ስለዚህ ሁለተኛውን በላጲስ አጥፍቼ እንደገና ሠራሁት። ሰባ ስድስት አመጣሁ፤ ያውም አርባ ደቂቃ ተርፎኝ። ተነሥቼ ጠረጴዛውን ዞርኩት። ከረጅም ጊዜ በኋላ በዚያ ቤት ውስጥ ጮክ ብዬ ስናገር ራሴን ሰማሁት።

"አየሽ? አየሽ አይደል?"

ልጄ አልሳቀችም። ወረቀቱን አነሣችና በእጇ ጥያቄውን ሸፍና ቁጥሩን ብቻ አሳየችኝ።

"አርባ አንድ?"

"ሐ።"

"ሃምሳ ሰባት?"

"ሀ።"

"የሃምሳ ሰባት ጥያቄ ስለ ምንድነው?"

ስለ አንድ ድልድይ ይሁን ስለ አንድ ውርስ፣ ምንም አላስታወስኩም። 'ሀ' መሆኑን ግን እስክሞት አልረሳውም።

"ሸምድደሻቸዋል እማዬ። ይሄ ልምምድ አይደለም። አዲስ ነው የሚያስፈልግሽ።"

"አዲስ ከየት ላምጣ?"

ወደ መደርደሪያው የላይኛው ረድፍ አየች። አለማየት ይሻላት ነበር።

"ያኛው አርጅቷል" አልኩ። "ጥያቄዎቹ ተቀይረዋል።"

"አልተቀየሩም። አይቼዋለሁ። ስምንት ፈተና አለው፤ የመጨረሻዎቹ አራቱ አልተነኩም።"

"መቼ አየሽው?"

"ለኔም አባቴ ነው እኮ" አለችና ክፍሏ ገባች። በሩን ወርውራ አልዘጋችውም። ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር፤ ልቆጣት እችል ነበር።

ባለቤቴ ቀያሽ ነበር። ሃያ ዓመት የሰው መሬት ሲለካ ቆይቶ፣ ሰዎች በድንበር የሚካሰሱበትን ነገር ከሥሩ ልማር ብሎ ለዚሁ ፈተና መዘጋጀት ጀመረ። ሰማያዊ ሽፋን ያለውን መለማመጃ የገዛው እሱ ነው። አራተኛውን ፈተና በጀመረበት ሳምንት ሆስፒታል ገባ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን እዚህ አልጽፈውም። መለማመጃው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ከካርታ ጥቅልሎቹ ሥር ተኝቶ ነበር።

እሑድ ጠዋት ልጄ ልብስ ለማሳጠብ ስትወጣ ወንበር ላይ ቆሜ አወረድኩት። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩ። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ዘልዬ በቀጥታ ወደ አምስተኛው ፈተና ለመሄድ አስቤ ነበር። አልቻልኩም፤ እኔ መዝገብ ከመካከሉ አልከፍትም።

በአንዳንድ ጥያቄዎች ጎን ትንሽ ክብ ተሥሏል፤ በክቡ መካከል ነጥብ አለ። አብዛኞቹ ክቦች በኋላ በአንድ ጭረት ተሠርዘዋል። አንዳንዶቹ አልተሠረዙም። ከየፈተናው ሥር ውጤቱን ጽፏል፤ ስልሳ አራት፣ ስልሳ አንድ፣ ስልሳ ስድስት። በእያንዳንዱ ፈተና አምስት ስድስት ጥያቄ ሳይመልስ ትቷል፤ ግን እየተወም አልፏል።

ያኔ ትዝ አለኝ። አንድ ቀን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ በትከሻው በኩል አይቼ፣ ይሄ ምንድነው ብዬው ነበር።

"ችካል ነው" አለኝ። "ስንለካ ገደል ሲያጋጥመን ገደሉ ላይ ቁጭ ብለን አናፈጥም። ችካል ተክለን እናልፋለን። ሲመቸን እንመለሳለን።"

"ባትመለሱስ?"

"ችካሉ ይቆያላ። የት ይሄዳል?"

ሥራ ማዝረክረክ ነው ብዬው ወደ ጓዳ ገባሁ። የኔ ነገር።

አራተኛው ፈተና ሠላሳ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ዘጠኝ ክቦች አሉበት፤ አንዱም አልተሠረዘም። እርሳስ ቀርጬ የመጀመሪያውን ክብ ማንበብ ጀመርኩ። ስለ ሁለት ወንድማማቾችና ስለ አንድ ጉድጓድ ነው። ሳነብ ልጄ የልብስ ዘንቢሉን ይዛ ገባች፤ እጄን አየች፤ ገጹን አየች።

"እሱን አይደለም" አለች ቀስ ብላ። "አምስተኛውን ሥሪ።"

አምስተኛውን አወጣሁ። ልጄ ስልኳን አስተካከለች።

"ዛሬ በሱ መንገድ ነው የምሠራው" አልኳት። "አንዱ ላይ ከቆየሁ ጩሂብኝ።"

"በደስታ!"

በሱ መንገድ መሥራት ግን የኔ እጅ የሚችለው ነገር አልነበረም። ሰባተኛው ጥያቄ ሲያስቸግረኝ ክብ ሣልኩና ስምንተኛውን አነበብኩ፤ ዐይኔ ስምንተኛው ላይ ነው፤ ሐሳቤ ሰባተኛው ላይ ተቀምጧል። ስምንተኛውንም ክብ አደረግኩት። ዘጠነኛውንም። ኋላ ለማየት ገጽ ስገልጥ ልጄ "ወደፊት!" ትላለች፤ እንደ ሚኒባስ ረዳት። በሁለት ሰዓቱ መጨረሻ ሰማንያኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ፤ ባልሸመደድኩት ፈተና ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሃያ አንድ ችካል ተክዬ ነጥቤ አርባ ዘጠኝ ሆነ።

ላጲሱን ወረወርኩት። ከግድግዳው ነጥሮ ሶፋው ሥር ገባ።

"አርባ ዘጠኝ! ሳልዘል ሃምሳ አምስት ነበርኩ!"

"ገና መጀመሪያሽ ነው።"

"ፈተናው ሦስት ሳምንት ነው የቀረው! መጀመሪያ የምለው መቼ ነው?"

"ሶፋውን ላንሳና ላጲስሽን ፈልጊ" አለች። ሁለታችንም በጉልበታችን ተንበርክከን ፈለግን። ላጲሱን አጣን፤ የጠፋ የጆሮ ጌጧን አገኘን።

ስድስተኛው ፈተና ሃምሳ አራት ሆነ፤ ሰባተኛው ሃምሳ ዘጠኝ። በሥራ ቦታም ነገሩ አልለቀቀኝም። ራሴን ለማስለመድ ብዬ አንድ መዝገብ ገጹ ተቆጥሮ ሳያልቅ ጠረጴዛ ላይ ትቼ ውኃ ልጠጣ ተነሣሁ። ከበሩ ሳልደርስ ተመለስኩ።

"ምን ሆንሽ?" አለ ጋሽ ማኅተም።

"ልምምድ ላይ ነኝ።"

"የምን ልምምድ?"

"ትቶ የመሄድ።"

መነጽሩን አውልቆ አየኝና ሊቀልድ የከፈተውን አፉን ዘጋው። "እኔ እጠብቅልሻለሁ፤ ሂጂ ጠጪ" አለኝ። ሄጄ ጠጣሁ። ውኃው ምን ምን እንደሚል አላውቅም፤ ስመለስ ግን ገጾቹ ሁሉ ነበሩ።

ስምንተኛውን ፈተና ለመጨረሻው እሑድ አስቀምጠን ነበር። እሱም ሃምሳ ዘጠኝ ሆነ። ልጄ ሁለት ጊዜ ቆጠረችው፤ ሦስተኛ ጊዜ ልትቆጥር ስትል ወረቀቱን ወሰድኩባት። ሌላ ፈተና አልቀረንም።

የፈተናው ዕለት አዳራሹ ውስጥ በዕድሜ ከኔ የሚበልጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም በር ጠባቂው። ተቆጣጣሪዋ ተረከዙ የሚያንኳኳ ጫማ አድርጋ በረድፎቹ መካከል ትመላለሳለች። አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ ያ የማውቀው ንዴት መጣ። ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ የውኃ ቧንቧ ይጣላሉ፤ ጥያቄው የሚፈልገው መልስ በሥራዬ ካየሁት ሁሉ ጋር አይገጥምም። ልከራከረው ፈለግኩ። የጫማው ኳኳታ አልፎኝ ሄደ፤ ተመልሶ አለፈኝ። ሁለት ጊዜ አንድ ጥያቄ ላይ ቁጭ ብዬ አሳለፍኳት ማለት ነው። በጎኑ ክብ ሣልኩ፤ መካከሉ ላይ ነጥብ አደረግኩ። ክቡ ጠማማ ነው። ገጹን ገለጥኩ።

ሰማንያኛውን ስጨርስ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበረኝ። አሥራ ስምንት ችካል ተክያለሁ። ከመጀመሪያው ተነሥቼ ተመለስኩ፤ አንዳንዶቹ በመጀመሪያ ሳያቸው ለምን እንዳስቸገሩኝ እንኳ አልገባኝም። አሥራ አንዱን ሠረዝኩ። "እርሳስ አስቀምጡ" ሲባል ሰባት ቀርተውኝ ነበር፤ አሥራ ዘጠነኛው አንዱ ነው። ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን ስትወስድ ጫፉን ይዤባት ቆየሁ።

"እመቤት፣ ይልቀቁት" አለችኝ።

ልጄ ከውጭ አጥሩ ሥር ቆማ ነበር።

"ስንት ቀረሽ?"

"ሰባት።"

"ሰባት ብቻ?"

"ብቻ አትበይ። ሰባት መዝገብ ክፍት ትቼ ወጥቻለሁ፤ ልቤ እዚያው ነው።"

"ገምተሽ አልሞላሻቸውማ?"

"ያልመረመርኩትን . . ."

". . . አትፈርሚም፤ በቃ ገባኝ!" ቦርሳዬን ተቀበለችኝና መንገዱን ተሻገርን። አውቶቡስ ውስጥ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ የአሥራ ዘጠነኛው መልስ መጣልኝ። 'መ' ነበር።

ውጤቱ በሦስተኛው ሳምንት ወጣ፤ ስልሳ ሁለት። ልጄ ስልኩ ላይ እየጮኸች አነበበችልኝ፤ እኔ መስኮቴ ላይ ስለነበርኩ "እሺ፣ ሰማሁ" ብቻ አልኩ። ጋሽ ማኅተም ግን ከድምፄ ገብቶት በማኅተሙ ጠረጴዛውን ደበደበ።

"ስልሳ ሁለት! ጡረታሽንም አለፍሽው!"

ያን ዕለት ከሰዓት እነዚያ እናት ተመልሰው መጡ። ተፈርዶባቸዋል። ይግባኝ የሚባለውን ነገር ሰምተው ነው የመጡት። ማስታወቂያውን በጣታቸው አሳዩኝ።

"አሁንም አይፈቀድልሽም?"

"አሁንም እማማ።"

"መቼ ነው የሚፈቀድልሽ?"

"ዛሬ የሕግ ትምህርት ቤት ፈተና አልፌአለሁ። የማታ ስለሆነ ስድስት ዓመት ይፈጃል።"

ሳቁ፤ ጥርሳቸው ጥቂት ነው። "እጠብቅሻለሁ አልልሽም" አሉኝ። ከዚያ ወረቀታቸውን በመስኮቱ አሳለፉልኝ። ገጹን ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት ጠረጴዛውን ለማጽዳት ተነሣሁ። የተለማመድኩባቸውን ወረቀቶች ሁሉ በአንድ ካርቶን ከተትኩ። ሰማያዊው መለማመጃ ቀረ። አራተኛውን ፈተና ከፈትኩ። ሁለቱን ወንድማማቾችና ጉድጓዳቸውን አነበብኩ፤ አሁን ሳየው መልሱ ግልጽ ነው። ዘጠኙንም ሳነብ አንድ ሰዓት አልፈጀብኝም። እርሳሱ በእጄ ነበር።

ልጄ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"ልትሞዪያቸው ነው?"

"አይደለም።"

"መልሱን አግኝተሻቸዋል?"

"ስምንቱን።"

"ዘጠነኛውስ?"

"ዘጠነኛው ተንኮለኛ ነው። እሱም የተወው ወዶ አይደለም።"

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ዘጠነኛውን ጮክ ብላ አነበበችው፤ እሷም አልገባትም፤ ጥያቄው ስህተት ነው አለች። መለማመጃውን ዘግቼ ወንበር ላይ ቆምኩ፤ ከካርታዎቹ ሥር ሳይሆን ከላያቸው አስቀመጥኩት። ከዚያ ልጄን ሶፋውን እንድታነሣልኝ ጠራኋት። ያ ላጲስ አሁንም አልተገኘም ነበር።